የዘፈን ድርሰት ማስተርስ በውጭ አገር፦ ትምህርት ቤቱን እንዴት እንምረጥ?

የዘፈን ድርሰትን በማስተርስ ደረጃ ማስተማር ብዙ ዕድሜ የለውም። እንግሊዝ አገር ያለው ባዝ ስፓ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምረው በዓለም የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለንደን፣ ሊመሪክና ኒው ዮርክ ላይም ተከፍቷል። ሕክምና ወይም አካውንቲንግ ሊማር የሚሄድ ልጅ ከእሱ በፊት የሄደ ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው አያጣም። ግጥምና ዜማውን ይዞ የሚሄድ ልጅ ግን የሚጠይቀው ሰው የለም። ወይ በስም ይመርጣል፣ ወይ ኤጀንት ያቀረበለትን ይቀበላል።

በስም መምረጥ አይበጅም። ኤጀንት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮሚሽን የሚያገኘው ከትምህርት ቤቱ ነው፤ ኮሚሽን የማይከፍለውን ትምህርት ቤት ስሙንም አያነሳላችሁም። ምርጫውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መነሻችሁ አንድ ጥያቄ ይሁን፦ በአማርኛ የጻፍኩትን ዘፈን ይዤ ክፍል ብገባ፣ እዚያ ያሉት ሰዎች ምን ያደርጉታል? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ይነሳል።

1. መጀመሪያ እናንተ ምን እንደሆናችሁ ለዩ

እኛ አገር አልበም ሲወጣ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሊት፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ ለየብቻ ይጻፋል። አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ግጥም ብቻ ጽፎ ትልቅ ስም ሊያገኝ ይችላል። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ግን ተማሪው ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ ይሠራል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። አንዳንዶቹ ደግሞ ቅንብሩንና ቀረጻውንም ይጨምሩበታል።

ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ራሳችሁን በሐቅ ጠይቁ። ግጥም ብቻ ከሆነ የምትጽፉት፣ ቢያንስ ራሳችሁን ለማጀብ ያህል ጊታር፣ ኪቦርድ ወይም ክራር ተለማመዱ። ስድስት ወር በደንብ ከሠራችሁበት በቂ ነው። ዜማ ብቻ ከሆነ፣ የራሳችሁን ግጥም መጻፍ ጀምሩ፤ ደካማም ቢሆን። አቀናባሪ ከሆናችሁና ስቱዲዮ ውስጥ ቢት እየሠራችሁ የምትውሉ ከሆነ፣ ከዘፈን ድርሰት ይልቅ የፕሮዳክሽን ማስተርስ ሊሻላችሁ ይችላል።

ትምህርቶቹም በዚሁ ይለያያሉ። ባዝ ስፓና አየርላንድ ያለው የሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ መሃል ላይ የሚያስቀምጡት ዘፈኑን ራሱን ነው፤ ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ድምፁን። አሜሪካ ቦስተን ያለው የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ ኒው ዮርክ ላይ የከፈተው ማስተርስ ደግሞ ድርሰትን ከፕሮዳክሽን ጋር አጣምሮ ነው የያዘው፤ ትምህርቱም የሚሰጠው ፓወር ስቴሽን በተባለው ታዋቂ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ለእናንተ የሚሆነው ግን አንዱ ነው።

2. ዝርዝር ስታወጡ ደረጃውንና ቋንቋውን አረጋግጡ

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በርክሊ ሲባል ሁሉም ቦስተንን ያስባል። ቦስተን ያለው የዘፈን ድርሰት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። ስፔን ቫሌንሲያ ያለው ካምፓስ ማስተርስ ይሰጣል፤ የፊልም ሙዚቃ፣ የሙዚቃ ቢዝነስና የመሳሰለውን ነው እንጂ በዘፈን ድርሰት ስም አይደለም። በኦንላይን የሚሰጠው ደግሞ የተማሪ ቪዛ አያስገኝም። ናሽቪል ያለው ቤልሞንት ዩኒቨርሲቲም በዘፈን ድርሰት የታወቀው በመጀመሪያ ዲግሪው ነው።

ጀርመን ማንሃይም ያለውን ፖፕአካዴሚን የሚያነሱም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተ፣ በፖፕ ሙዚቃ ማስተርስ ያለው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ግን ጀርመንኛ ካልቻላችሁ የማስተማሪያ ቋንቋውን ሳታረጋግጡ ጊዜ አታጥፉበት።

ከአምስት በላይ ትምህርት ቤት በዝርዝራችሁ አታስገቡ። እያንዳንዱ ማመልከቻ ክፍያ፣ ጊዜና የሌላ ሰው ደብዳቤ ይፈልጋል። መምህሮቻችሁን ለዐሥር ትምህርት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉልን ማለት ደግሞ ነውር ነው።

3. አማርኛው ምን ይሆናል?

ይህ ዋናው ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

በእነዚህ ትምህርቶች ውስጥ አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በዎርክሾፕ ነው። ተማሪው በሳምንቱ የጻፈውን ዘፈን ይዞ ይመጣል። ግጥሙ ለሁሉም ይታደላል። ይዘፍናል ወይም ዴሞውን ያሰማል። ከዚያ መምህሩና ተማሪዎቹ አስተያየት ይሰጣሉ፦ ሁለተኛው ቨርስ አዲስ ነገር አላመጣም፣ አዝማቹ ዘግይቷል፣ ይህ ቃል ከዜማው ጋር አልሄደም። ትምህርቱ ማለት ይኸው ነው። ሌላው ሁሉ ተጨማሪ ነው።

አሁን አስቡት። ዘፈናችሁ በአማርኛ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ ግጥሙን የሚሰማ ማንም የለም። ሁሉም ስለ ዜማው ያወራሉ፣ ድምፃችሁን ያደንቃሉ፣ «ቋንቋው እንዴት ያምራል» ይላሉ። ደስ ይላል፤ ግን ምንም አልተማራችሁም። በሌላ በኩል ሁሉንም በእንግሊዝኛ ጻፉ ከተባላችሁ፣ ዓመቱን ሙሉ እንደ ጀማሪ ትቆጠራላችሁ። በአገራችሁ የበሰለ ግጥም የምትጽፉ ሰዎች ናችሁ፤ እዚያ ግን በሁለተኛ ቋንቋ ስትንተፋተፉ ትውላላችሁ።

ጥሩ ትምህርት ቤት ለዚህ መልስ አለው። ስለዚህ ለትምህርቱ ኃላፊ በቀጥታ ኢሜይል ጻፉ። ለአድሚሽን ቢሮ ሳይሆን ለራሱ ለኃላፊው፤ ስሙ በድረ ገጹ ላይ አለ። አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ በሁለት መስመር፣ የአንድ ዘፈን ሊንክ፣ ከዚያ እነዚህን ጠይቁ፦

በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ዘፈን ለምዘና ይቀበላሉ? ግጥሙን የሚመዝነው ማን ነው፣ በትርጉም ነው ወይስ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል? የመጨረሻውን ፕሮጀክት ሙሉ በሙሉ በአማርኛ መሥራት ይቻላል? ባለፉት ዓመታት ከእንግሊዝኛ ውጭ የጻፈ ተማሪ ነበር? ካለ እንዲያገናኙኝ መጠየቅ እችላለሁ?

መልሱን በጥንቃቄ አንብቡ። «ብዝኃነትን እናከብራለን» የሚል ብቻ ከሆነ መልስ አይደለም። «የመጨረሻው ፕሮጀክት በየትኛውም ቋንቋ ይሆናል፣ የቃል በቃል ትርጉም ማያያዝ ግን ግዴታ ነው» የሚል ከሆነ አስበውበታል ማለት ነው። ወር ሙሉ መልስ ካልመጣም ያው መልስ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ያልመለሰላችሁ ሰው ከገባችሁ በኋላም ጊዜ አይኖረውም።

ከቋንቋው ሌላ ቅኝትም አለ። ትዝታና ባቲ ላይ የተሠራ ዜማ ለውጭ ጆሮ በቶሎ ይገባል። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን ያስቸግራሉ። በተለይ ለአንቺ ሆዬ ኮርድ ፈልጉለት ብትባሉ፣ በተለመደው የሜጀርና ማይነር መንገድ አይሄድላችሁም። «እዚህ ጋ ኖታው ተሳስቷል» የሚል መምህር ሊገጥማችሁ ይችላል። «ይህ ምን ዓይነት ቅኝት ነው? ከበገናና ከማሲንቆ ጋር እንዴት ይሄዳል?» የሚል መምህር ደግሞ አለ። እናንተ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። በኢሜይሉ ላይ የምታያይዙት ዘፈን አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ ላይ የተሠራ ቢሆን ጥሩ ነው። ከሚሰጡት አስተያየት ብዙ ታውቃላችሁ።

ሊመሪክን ደጋግሜ የማነሳውም ለዚህ ነው። እዚያ የዘፈን ድርሰት ማስተርሱ የሚሰጠው በአይሪሽ ወርልድ አካዳሚ ውስጥ ነው። በዚያው ሕንፃ የአየርላንድን ባህላዊ ሙዚቃና ውዝዋዜ የሚማሩ ልጆች አሉ። ያለ ምንም አጃቢ በራሳቸው ጥንታዊ ቋንቋ የሚዘፍኑ ሰዎች ያሉበት አገር ነው። ለእነሱ የአገር ቤት ዜማ ይዞ መምጣት እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ዝናቡ ይበዛል፣ የሙዚቃ ኩባንያዎች እዚያ አይደሉም። ግን ዓላማችሁ የራሳችሁን ዘፈን ማሳደግ ከሆነ እኔ ከትልልቆቹ ስሞች አስቀድሜ የማየው እሱን ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ በርክሊ ሲገባ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ኢትዮ ጃዝ የተገኘው እዚያ የተማረውን ቅንብር በአራቱ ቅኝቶች ላይ ስለሠራበት ነው። ቅኝቱን ጥሎ ቢመጣ ኖሮ ሌላ አንድ የጃዝ ተጫዋች ይሆን ነበር። በርክሊም እ.ኤ.አ. በ2012 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል።

4. ፖርትፎሊዮውን አዘጋጁ

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ጥቂት ዘፈኖችን ከግጥማቸው ጋር ይጠይቃሉ። ቁጥሩን ከእያንዳንዱ ድረ ገጽ ላይ አይታችሁ፣ ከተባለው አንድም አትጨምሩ።

የስቱዲዮ አልበም ቅንብር አትላኩ። ይህን ስል ብዙዎች ይገረማሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰሚው የቱ የእናንተ እንደሆነ አያውቅም። ሳክስፎኑ ያማረው በእናንተ ነው በአቀናባሪው? ድምፅና አንድ መሣሪያ ይበቃል። በሞባይል ቢቀረጽም ግድ የለም፤ ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን፣ ጄኔሬተርና የመኪና ጥሩምባ አይግባበት። ለሌላ ዘፋኝ የሰጣችሁት ዘፈን ካለ የእሱን ቅጂ በሊንክ ጥቀሱ፣ ከጎኑ ግን በራሳችሁ ድምፅ የተቀረጸውን አስቀምጡ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። ሌላ ሰው የሠራውን የራስ ማስመሰል ኢንተርቪው ላይ ወዲያው ይታወቃል።

የግጥሙ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይሁን። በመጀመሪያው አማርኛው በፊደላችን። በሁለተኛው ንባቡ በላቲን ፊደል፣ አድማጩ የትኛው ቃል ላይ እንዳላችሁ እንዲከተል። በሦስተኛው ትርጉሙ። ትርጉሙን ቤት ለማስመታት አትጣሩ። ቃል በቃል ይሁን፣ ደረቅ ይሁን።

ሰምና ወርቅ ካለው ደግሞ ከታች ማብራሪያ ጨምሩ። ለምሳሌ እንዲህ የሚል ስንኝ አለ እንበል፦

«ገና ነው አልሽኝ፣ ይኸው ጥምቀት አለፈ»

በሦስተኛው ዓምድ «ጊዜው አልደረሰም አልሽኝ፣ ይኸው የጥምቀት በዓል አለፈ» ብላችሁ ብታስቀምጡ ግማሹ ጠፋ። ከታች በሁለት መስመር አስረዱ፦ ገና ማለት «አልደረሰም» ማለትም ነው፣ የልደት በዓልም ነው፤ ጥምቀት ከልደት ዐሥራ ሁለት ቀን በኋላ ይመጣል፤ ተናጋሪው በዓል እየቆጠረ እየጠበቃት ነው። ይህን ያነበበ መምህር ስለ እናንተ የሚያስበው ይለወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ለእኛ ተራ ነው፣ ከልጅነታችን የለመድነው። ለእነሱ ግን ከዜማ ጋር አብሮ የሚሄድ ረቂቅ የአጻጻፍ ጥበብ ነው፤ ነውም።

ከዘፈኖቹ አንዱ ቢያንስ በከፊል በእንግሊዝኛ ቢሆን ይጠቅማል። ፍጹም እንዲሆን ማንም አይጠብቅም። በሁለተኛ ቋንቋ ለመሥራት እንደማትፈሩ ያሳያል፤ ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ተጣምራችሁ መጻፋችሁ አይቀርምና።

5. ገንዘቡን ከልብ አስሉ

በመጀመሪያ የምታዩት ክፍያ «ለዓለም አቀፍ ተማሪ» የሚለው መሆኑን አረጋግጡ። ለአገሬው ተማሪ የተጻፈውን ርካሽ ዋጋ አይታችሁ እንዳትደሰቱ። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

እንግሊዝና አየርላንድ ማስተርሱ በአብዛኛው አንድ ዓመት ነው። አሜሪካ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ የበርክሊ ኒው ዮርኩ ግን የአንድ ዓመት ነው። አንድ ዓመት ማለት የአንድ ዓመት ኪራይና ቀለብ ብቻ ነው። ሒሳቡን የሚለውጠው ይህ ነው።

የእንግሊዝ ቪዛ ላይ ብዙ ልጆች የሚወድቁበት ነገር አለ። የትምህርት ክፍያውና የኑሮው ገንዘብ ሳይቋረጥ ለ28 ቀን ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ለአንድ ቀን እንኳ ከሚፈለገው በታች ከወረደ ያ ስቴትመንት አይሠራም። ገንዘቡ ያለውም በራሳችሁ ወይም በወላጆቻችሁ አካውንት መሆን አለበት። ዋሽንግተን ያለው አጎታችሁ የቱንም ያህል ቢኖረው የእሱ ስቴትመንት አይጠቅማችሁም። ሊረዳችሁ ከፈለገ ገንዘቡን ወደ እናንተ አካውንት ያስገባ፣ 28 ቀኑ ከዚያ ይቆጠር። ለአሜሪካ ግን የአጎት ስፖንሰርነት ይሠራል፤ ትምህርት ቤቱ የሚልክላችሁን ፎርም ሞልቶ ስቴትመንቱን ያያይዛል።

እንግሊዝ ከቪዛ ክፍያው ሌላ የጤና ክፍያ አለ፤ በዓመት 776 ፓውንድ። የአንድ ዓመት ማስተርስ ቪዛ ከትምህርቱ በኋላም ጥቂት ወራት ስለሚጨምር ብዙውን ጊዜ 1,164 ፓውንድ ይደርሳል። ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ግዴታ ነው። ሌላም አለ፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ በኮርስ ለሚሰጥ ማስተርስ የሚሄድ ተማሪ ባል፣ ሚስት ወይም ልጅ ይዞ መሄድ አይችልም። ቤተሰብ ያላችሁ ይህን ቀድማችሁ እቤት ተነጋገሩበት።

ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እየተመነዘረ ነው። ዛሬ ያሰላችሁት ብር ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ፓውንድ አይገዛም። ባንካችሁ ለትምህርት የውጭ ምንዛሪ የሚሰጠው በምን ማስረጃ እንደሆነ የቅበላ ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ።

ስኮላርሺፕ ላይ እውነቱን ልናገር። ለዘፈን ድርሰት ማስተርስ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን ትምህርት ቤት ማግኘት በጣም ከባድ ነው። የክፍያ ቅናሽ ይሰጣሉ፤ ጠይቁ። ከውጭ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ከሆኑት ትልልቆች አንዱ ቼቭኒንግ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ነው የሚሰጠው፣ ለአንድ ዓመት ማስተርስ ነው፣ ሙሉ ወጪ ይችላል። ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ማለትም 2,800 ሰዓት ይጠይቃል፤ ስትጨርሱም ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገራችሁ መመለስ ግዴታ ነው። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ በሐምሌ መጨረሻ ተከፍቶ መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ይዘጋል። ሙዚቃ ስለሆነ አይሰጡኝም ብላችሁ አትቅሩ። ዘፈን ጽፋችሁ ስትመለሱ ለማን ምን እንደምትሠሩ በግልጽ ማሳየት ነው ያለባችሁ። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕን ግን ተዉት፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

በውጭ አገር የምትኖሩ ሐበሾች ደግሞ ሌላ ሒሳብ አላችሁ። አሜሪካ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የመንግሥት የተማሪ ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መሙላት ይችላል። እንግሊዝ የስደተኝነት ዕውቅና ያገኘ ሰው የአገሬውን ክፍያ ሊከፍል ይችላል። ትምህርት ቤቱ በስህተት ዓለም አቀፍ ተማሪ ብሎ መድቧችሁ ከሆነ ተከራከሩ።

6. እየተማራችሁ መዝፈን ትችላላችሁ?

ይህን የሚነግራችሁ የለም፤ ለሙዚቀኛ ግን ከክፍያው እኩል ነው።

በእንግሊዝ የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ይቻላል። ካፌ፣ ሱቅ፣ ላይብረሪ። በግል ሥራ መተዳደርና በመድረክ አዝናኝነት መሥራት ግን ክልክል ነው። ሠርግ ላይ ዘፍኖ ገንዘብ መቀበል፣ በግል ቢት መሸጥ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። በትምህርቱ ውስጥ የተካተተና የሚመዘን ልምምድ ከሆነ ነው የሚፈቀደው። ስትጨርሱ የምታገኙት የተመራቂዎች ቪዛ ግን በግል መሥራትን ይፈቅዳል። አሁን ሁለት ዓመት ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ ለሚያመለክቱ 18 ወር ይሆናል።

አሜሪካም ያው ነው። የተማሪ ቪዛ የያዘ ሰው በትምህርት ወቅት ካምፓስ ውስጥ 20 ሰዓት ይሠራል፤ ከካምፓስ ውጭ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ማታ ባንድ የሚያሰሩ የሐበሻ ሬስቶራንቶች ሞልተዋል። «ነይ አንድ ሁለት ዘፈን ተጫወቺ፣ በካሽ እንከፍልሻለን» ይሏችኋል፤ በክፉ አይደለም፣ ሊረዷችሁ ብለው ነው። ቪዛችሁን ግን ሊያሳጣችሁ ይችላል። ከምረቃ በኋላ ኦፒቲ የሚባለው የ12 ወር የሥራ ፈቃድ አለ። በዚያን ጊዜ ሙዚቀኛ ከተለያዩ አሠሪዎች ጋር ትንንሽ ሥራዎችን ሊሠራ ይችላል፤ የእያንዳንዱን ቀን፣ ቦታና ሰዓት መዝግቦ መያዝ ግን አለበት። ትምህርቱ በቴክኖሎጂ ዘርፍ የተመዘገበ ከሆነ ፈቃዱ ሊራዘም ስለሚችል የሲአይፒ ኮዱን፣ ማለትም የትምህርቱን ዘርፍ የሚለየውን ቁጥር፣ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

አየርላንድ ላይ አንድ ነገር እወቁ። ከማስተርስ በኋላ እስከ ሁለት ዓመት መቆየት ይፈቀዳል፣ በተቀጣሪነት ነው እንጂ በግል ሥራ አይደለም። ሊመሪክን የምወደውን ያህል ይህ ገደብ ለዘፈን ጸሐፊ ከባድ መሆኑን አልክድም።

የቪዛ ደንብ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ክፍያ በምትፈጽሙበት ሳምንት የኤምባሲውንና የመንግሥቱን ገጽ እንደገና አንብቡ።

7. ወረቀትና ሰዓት

ትራንስክሪፕት ከዩኒቨርሲቲያችሁ ሬጅስትራር ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ከያሬድ ትምህርት ቤት የወጣችሁም ሆነ ከሌላ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በአብዛኛው 6.5 አካባቢ ይጠየቃል፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ቸኩላችሁ አትፈተኑ።

ስማችሁ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ፀሐይ በላቲን ፊደል በ«ዋይ» ነው የሚያልቀው በ«አይ»? ፓስፖርቱ እንዳለው ይሁን። የአያት ስም ዲግሪው ላይ ኖሮ ፓስፖርቱ ላይ ከሌለ ቀድማችሁ አስተካክሉ።

የኒው ዮርክ ትምህርት ቤት ማመልከቻ በታኅሣሥ አንድ ቀን እኩለ ሌሊት ይዘጋል ቢል፣ ለአዲስ አበባ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። የለንደን ኢንተርቪው በክረምታቸው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ቢቀጠር፣ እኛ ጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሆናል። መብራት የሚጠፋበትና ኔትወርክ የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ዳታ ሞልታችሁ፣ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጅ አድርጋችሁ፣ ክራር ወይም ጊታራችሁን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ጠብቁ። «እስቲ አንድ ዘፈን አሰማን» ማለታቸው አይቀርም።

8. ቅበላው ከመጣ በኋላ

ሁለት ወይም ሦስት ቅበላ በእጃችሁ ካለ አሁን እናንተ ናችሁ መራጮቹ። በሚቀጥለው ዓመት በእርግጥ የሚያስተምሩት እነማን እንደሆኑ ጠይቁ፤ ድረ ገጹ ላይ ፎቶው ያለ ሰው ሁሉ አያስተምርም። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ተማሪ እንዳለ ጠይቁ። ሃያ ሰው ባለበት ዎርክሾፕ የእናንተ ዘፈን ተራ የሚደርሰው በየስንት ሳምንቱ ነው? ከመምህር ጋር ለብቻ የምትገናኙበት ጊዜ ስንት ሰዓት ነው? አንድ ዎርክሾፕ በቪዲዮ ገብቼ ልታዘብ ብላችሁም ለምኑ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ።

ከዚያ ያለፉትን ዓመታት ተመራቂዎች ዘፈን ፈልጋችሁ ስሙ። ታዋቂዎቹን ሳይሆን ማንም የማያውቃቸውን። አምስት ሰው ሰምታችሁ አምስቱም አንድ ዓይነት ከመሰሏችሁ፣ እናንተም እንደዚያው ሆናችሁ ነው የምትወጡት። አምስቱ የተለያዩ ከሆኑና እያንዳንዱ የራሱ ነገር ካለው፣ ያ ቤት ሰው ያሳድጋል።

ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት አንድ የመጨረሻ ኢሜይል ላኩ። ቪዛ ብከለከል ገንዘቡ ይመለሳል? በስንት ጊዜ ውስጥ፣ ምን ማስረጃ ተጠይቆ? ቪዛው ቢዘገይ ቅበላውን ወደሚቀጥለው ዓመት ማዛወር ይቻላል? ስኮላርሺፑስ አብሮ ይዛወራል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተባለውን አትመኑ፤ ጽሑፉን ከክፍያ ደረሰኙ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።